ሲሰበሰብ በቀን፣ ሲደለደል በዓመት፦ የእንግሊዝ ምክር ቤቶች የአልሚዎችን መዋጮ የሚያዳርሱበት አገልግሎት ሲገመገም

የምገመግመው አገልግሎት የራሱ መስኮት የለውም፣ ተራ የሚያዝበት ወንበርም የለውም። ላለፉት አራት ዓመታት በምኖርበት የለንደን ቦሮ (የራሱ ምክር ቤት ያለው የከተማዋ ክፍል)፣ ሕንፃ ከሚያቆሙ አልሚዎች የሚሰበሰበው መዋጮ ወደ መናፈሻ፣ ወደ ትምህርት ቤትና ወደ መሰብሰቢያ አዳራሽ የሚደርስበትን መንገድ መጀመሪያ በጉጉት፣ ኋላ ደግሞ በእልህ ተከታትያለሁ። የጎረቤቶቼ ማኅበር ለአንዲት አሮጌ የማኅበረሰብ አዳራሽ ጣሪያ ከዚሁ ገንዘብ ሁለት ጊዜ ጠይቆ አንድ ጊዜ ተፈቅዶለታል፤ ስለዚህ የምጽፈው እንደ ተጠቃሚ ካየሁት ተነሥቼ ነው። ያየሁት ጉድለት ከአንድ ምክር ቤት ጠባይ ይልቅ ከሕጉ አሠራር የሚመነጭ ነው ብዬ ስለማምን የምክር ቤቱን ስም አልጠቅስም። ዓመተ ምሕረቶቹ ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

አገልግሎቱን ለመመዘን ገንዘቡ ከሁለት የተለያዩ ምንጮች እንደሚቀዳ መለየት ያስፈልጋል፤ ብዙ ነዋሪ የሚሳሳተውም እዚህ ላይ ነው። የመጀመሪያው በ1990 የወጣው የከተማና የገጠር ፕላን ሕግ በአንቀጽ 106 የሚፈቅደው ውል ነው። አንድ አልሚ የፕላን ፈቃድ ሲጠይቅ ምክር ቤቱ ተደራድሮ፣ ሕንፃው በአካባቢው ላይ የሚያስከትለውን ጫና የሚያቃልል ግዴታ በጽሑፍ ያስገባዋል፤ ግዴታው ተመጣጣኝ ዋጋ ያላቸው ቤቶችን መሥራት፣ ለትምህርት ቤት ማስፋፊያ የተወሰነ ገንዘብ መክፈል ወይም መስቀለኛ መንገድ ማስተካከል ሊሆን ይችላል። ግዴታው ሊጠየቅ የሚችለው ሦስት መመዘኛዎች ሲሟሉ ብቻ ነው፤ ያለ እርሱ ግንባታው በፕላን ረገድ ተቀባይነት የማያገኝ መሆን አለበት፣ ከግንባታው ጋር በቀጥታ መገናኘት አለበት፣ መጠኑና ዓይነቱም ከግንባታው ጋር የሚመዛዘን መሆን ይገባዋል። ውሉ ከመሬቱ ጋር የተጣበቀ ስለሆነ መሬቱ ቢሸጥ ግዴታው ለገዢው ይተላለፋል።

የእነዚህን ውሎች ንባብ እወደዋለሁ ብል የሚስቅብኝ አይጠፋም፤ ነገር ግን በጠቅላላው አገልግሎት ውስጥ ግልጹ ሰነድ እርሱ ነው። ውሉ ለሕዝብ ክፍት በሆነው የፕላን መዝገብ ላይ ይቀመጣል፤ ማን ምን ያህል እንደሚከፍል፣ ክፍያው መቼ እንደሚደርስ (ለምሳሌ 50ኛው ቤት ሰው ሳይገባበት)፣ ገንዘቡ ለየትኛው መናፈሻ ወይም ለየትኛው ትምህርት ቤት እንደሆነ፣ ብዙውን ጊዜም በስንት ዓመት ውስጥ ካልዋለ ለከፋዩ እንደሚመለስ ይናገራል። አምስት ወይም አሥር ዓመት የተለመደ ገደብ ነው። አንድ ነዋሪ የሰፈሩን አንድ ውል አንብቦ ቢጨርስ፣ በምክር ቤቱ ስብሰባ ላይ ሊጠይቅ የሚችለው ጥያቄ ከብዙዎቹ ተመራጮች ጥያቄ ይልቅ የተሳለ ይሆናል።

ሁለተኛው ምንጭ የማኅበረሰብ መሠረተ ልማት ክፍያ ይባላል፤ የ2008 የፕላን ሕግ ፈጥሮት፣ ማስፈጸሚያ ደንቡ በኤፕሪል 2010 ሥራ ላይ ውሏል። የእንግሊዝኛ ምህጻሩ ‹ሲል› ተብሎ ስለሚነበብ ለአማርኛ ጆሮ ግሥ የሚጠብቅ፣ ያልተቋጨ ዓረፍተ ነገር ይመስላል፤ ከተከታተልኩት በኋላ ስሙ ያለ ነገር አልወጣለትም እላለሁ። በዚህ ክፍያ ላይ ድርድር የለም። ምክር ቤቱ በገለልተኛ መርማሪ ፊት ካስፈተሸ በኋላ ያጸደቀው የተመን ሰንጠረዥ አለ፤ አዲስ የሚጨመረው የወለል ስፋት በካሬ ሜትር ተለክቶ በተመኑ ይባዛል፤ ውጤቱ ዕዳ ነው። ለበጎ አድራጎት ድርጅቶች፣ ለማኅበራዊ መኖሪያ ቤቶችና የራሳቸውን ቤት ለሚሠሩ ሰዎች ነፃ የመሆኛ ወይም የማቃለያ መንገድ ተበጅቷል። ተመኑን ማውጣት ለየምክር ቤቱ ምርጫ የተተወ ስለሆነ፣ ኒዋርክና ሸርዉድ የተባለው ወረዳ በ2011 ፈር ከቀደደ በኋላ ብዙዎች ቢከተሉትም እስካሁን ያልጀመሩ ምክር ቤቶች ጥቂት አይደሉም።

ለንደን ውስጥ በየቦሮው ተመን ላይ የከንቲባው ተመን ይደረባል። ከንቲባው ከኤፕሪል 2012 ጀምሮ ሲሰበስብ ቆይቶ፣ በኤፕሪል 2019 ተመኑን በሦስት እርከን ከፍሎ በካሬ ሜትር 80፣ 60 እና 25 ፓውንድ አድርጎታል፤ በመካከለኛው እርከን 5,000 ካሬ ሜትር የሚጨምር ሕንፃ፣ የዋጋ ማስተካከያ ሳይታከልበት፣ 300,000 ፓውንድ ይከፍላል ማለት ነው። ይህ ገንዘብ የተሰበሰበው በዋናነት ለአንድ ሥራ፣ በግንባታው ዘመን ክሮስሬል ለተባለው፣ ዛሬ የኤልዛቤት መስመር ለሚባለው የባቡር መስመር ነው፤ መስመሩ በሜይ 2022 ተከፍቷል፤ እኔም በየሳምንቱ እሳፈርበታለሁ። የመዋጮው ሥርዓት የተሳካበትን አንድ ቦታ አሳየኝ የሚለኝ ሰው ካለ ወደዚያ እመራዋለሁ። የተሳካው ገንዘቡ ስለበዛ ብቻ አይደለም፤ ገና መሰብሰብ ሲጀመር የሚውልበት ነገር በስሙ ይታወቅ ስለነበረ ነው።

በየቦሮው ያለው ግን እንዲህ አይደለም። የመሰብሰቡን ክፍል ብቻ ብገመግም ኖሮ ነቀፋ ባጣሁ። ክፍያው የሚጸናው ሥራው በተጀመረበት ቀን ነው፤ ምክር ቤቱ በየጊዜው ተከፋፍሎ እንዲከፈል ካልፈቀደ በስተቀር በ60 ቀናት ውስጥ ተጠቃልሎ መግባት አለበት። ባለዕዳው ሥራ መጀመሩን አስቀድሞ ካላስታወቀ የክፍያው 20 በመቶ፣ ነገር ግን ከ2,500 ፓውንድ የማይበልጥ ቅጣት ሊጣልበት ይችላል፤ ክፍያውን 30 ቀን ካሳለፈም ሌላ ቅጣትና ወለድ ይከተሉታል፤ ከዚያም ብሶ ከተገኘ ምክር ቤቱ ግንባታውን የሚያስቆም ማስታወቂያ የመስጠት ሥልጣን አለው። የራሱን መኖሪያ በራሱ የሚሠራ ሰው ነፃ የመሆን መብቱን አስፈቅዶ ሳለ፣ የሥራ መጀመሪያ ማስታወቂያውን ሳያስገባ መሠረት መቆፈር ቢጀምር፣ እስከ 2019 ድረስ መብቱን አጥቶ ሙሉውን ክፍያ ይጠየቅ ነበር፤ ከዚያ ወዲህ የሚጠብቀው ቅጣት ነው። አንዲት ቅጽ ዘንግቶ ዕዳ ውስጥ የገባ ባለቤት ታሪክ በዚህ አገር እንግዳ አይደለም።

ገንዘቡ ወደ ካዝናው ከገባ በኋላ ግን የቀን መቁጠሪያው ይሰወራል። ከገባው ውስጥ እስከ 5 በመቶ ለአስተዳደር ወጪ ሊወሰድ ይችላል፤ 15 በመቶው የሰፈር ድርሻ ነው፤ የቀረው ምክር ቤቱ ለመረጠው ትልልቅ መሠረተ ልማት ይውላል። አንድ ሚሊዮን ፓውንድ ቢገባ 50,000 ለአስተዳደር፣ 150,000 ለሰፈር፣ 800,000 ለዋናው ሣጥን ይሆናል። ዋናው ሣጥን እስከ መቼ መዋል እንዳለበት ሕጉ ቀን አልቆረጠለትም። አንድ ነገር ልብ ይሏል፤ ተመኑ በየዓመቱ ከግንባታ ዋጋ ጋር እየተስተካከለ ይጨምራል፣ ለሰብሳቢው ንረት ችግር አይሆንበትም። አንድ ጊዜ ገብቶ የተቀመጠው ገንዘብ ግን ሰባት ዓመት ሲተኛ፣ ሲሰበሰብ አንድ ሙሉ የልጆች መጫወቻ ሊያሠራ ይችል የነበረው ሲወጣ ግማሹን ለማሠራት ይቸግረዋል። የባለቤቱን የአንድ ቀን መዘግየት የሚቀጣ ሕግ የምክር ቤቱን የሰባት ዓመት መዘግየት በዝምታ ማለፉ የዚህ አገልግሎት ትልቁ ጉድለት ነው።

መዘግየቱ ሁሉ ከስንፍና የመጣ ነው ማለት ግን ፍርደ ገምድልነት ይሆናል። ትምህርት ቤት የሚስፋፋው በአንድ ሕንፃ መዋጮ አይደለም፤ የአምስት ወይም የአሥር ሕንፃ ክፍያ መጠራቀም አለበት፣ ሕንፃዎቹ ደግሞ በአንድ ዓመት አይጀመሩም። ከለንደን ውጭ ባሉ ብዙ አካባቢዎችም ክፍያውን የሚሰበስበው የወረዳው ምክር ቤት ሲሆን፣ ትምህርት ቤቱና መንገዱ ያሉት በአውራጃው ምክር ቤት እጅ ነው፤ ጤና ጣቢያው ደግሞ የብሔራዊ ጤና አገልግሎቱ ጉዳይ ነው። ነዋሪው ሄዶ ቢጠይቅ ወረዳው ወደ አውራጃው፣ አውራጃው ወደ ወረዳው ይጠቁማል፤ የአብዬን እከክ ወደ እምዬ ልክክ የሚባለው በጽሑፍና በማኅተም ይፈጸማል። ለጤና ጣቢያ ሕንፃ ገንዘብ ቢገኝም፣ በውስጡ ለሚሠሩት ሐኪሞች ዘላቂ ደመወዝ የሚመድበው ሌላ አካል እስኪስማማ ድረስ ሕንፃውን መጀመር ትርጉም የለውም።

ማኅበራችን የጠየቀው ከሰፈር ድርሻው ነው። ፓሪሽ ምክር ቤት (ከወረዳው በታች ያለ ትንሽ የመንደር ምክር ቤት) ባለበት አካባቢ 15 በመቶው ለፓሪሹ ይሰጣል፤ በዓመት የሚሰጠው ግን በፓሪሹ ባሉት ቤቶች ብዛት ይገደባል፣ መነሻውም ለአንድ ቤት 100 ፓውንድ ነው፤ 600 ቤት ያለው መንደር፣ ማስተካከያው ሳይታሰብ፣ በዓመት ከ60,000 ፓውንድ በላይ አያገኝም። ነዋሪዎቹ የሰፈር ፕላን አዘጋጅተው በሕዝበ ውሳኔ ካጸደቁ ድርሻው ወደ 25 በመቶ ከፍ ይላል፣ ጣሪያውም ይነሣል። ፓሪሹ በአምስት ዓመት ውስጥ ካላዋለው ገንዘቡን እንዲመልስ ሊጠየቅ ይችላል። ትንሹ ምክር ቤት የአምስት ዓመት ገደብ ሲኖርበት ትልቁ ምክር ቤት ለዋናው ሣጥን ምንም ገደብ የለበትም፤ የዚህን ምክንያት ያስረዳኝ ሰው እስካሁን አላጋጠመኝም። ለንደን ውስጥ ደግሞ በ2014 በዌስትሚንስተር ከተቋቋመው የኩዊንስ ፓርክ ምክር ቤት በቀር ፓሪሽ ስለሌለ፣ የሰፈር ድርሻውን ቦሮው ራሱ ይዞ ነዋሪዎችን እያማከረ እንዲያውለው ይጠበቃል። ‹እያማከረ› የሚለው ቃል ምን ያህል ሊለጠጥ እንደሚችል ያየሁት ያኔ ነው። አንዱ ቦሮ የማመልከቻ ዙር ከፍቶ ያወዳድራል፣ ሌላው ለየዋርዱ (ቦሮው ለምርጫ ለተከፋፈለበት ቀጣና) ተመራጮች ይተወዋል፣ ሌላው ደግሞ ድረ ገጽ ላይ መጠይቅ ለጥፎ ተማክሬአለሁ ይላል።

የእኛ ቦሮ ያወዳድራል። የማመልከቻ ቅጹ ረጅም ቢሆንም ፍትሐዊ ነው፤ የአዳራሹን የኪራይ ውል፣ ሦስት ፕሮፎርማ፣ የጥገና ዕቅድና ሥራው በአካባቢው ከበዛው ግንባታ ጋር ያለውን ግንኙነት ይጠይቃል። የመጀመሪያው ማመልከቻችን የወደቀው በመጨረሻው ነጥብ ነው፤ ጣሪያው እንደሚያፈስ በፎቶግራፍ አስረድተን፣ ከጎን የቆሙት አዳዲስ ሕንፃዎች የአዳራሹን ተጠቃሚ ቁጥር እንዴት እንዳሳደጉት ግን አልጻፍንም ነበር። ሕጉ የሰፈር ድርሻውን ልማት በአካባቢው ላይ የሚያሳድረውን ጫና ለሚያቃልል ለማንኛውም ነገር እንዲውል ይፈቅዳል፤ ጫናውን ግን አመልካቹ በጽሑፍ ማሳየት አለበት። ይህን የነገረችን የምክር ቤቱ ሠራተኛ ትሑት፣ ግልጽና ታጋሽ ነበረች፤ በኋላ እንደተረዳሁት ለጠቅላላው ቦሮ የምትሠራው እርሷ ብቻ ነበረች። ሁለተኛው ማመልከቻ ተሳካ። ከማመልከቻው እስከ ውሳኔው 11 ወራት ስለፈጀ ግን ለ90 ቀን ብቻ የሚጸናው ፕሮፎርማ ጊዜው አልፎበት፣ ሥራ ተቋራጩ ዋጋ ጨመረ። ልዩነቱን ጎረቤቶች ከኪሳችን አዋጣን፤ የአልሚው መዋጮ እስኪደርስ የእኛ መዋጮ ቀደመው። አብረውኝ ገንዘብ ይሰበስቡ የነበሩት አንድ አዛውንት ጎረቤቴ፣ «ልጄ፣ በባንክ አለ የምትለኝ ገንዘብ ላም አለኝ በሰማይ ሆነብኝ» አሉኝ። «ጋሼ፣ ላሟስ አለች፤ አላቢዋ አንዲት ብቻ ሆና ነው» ብዬ መለስኩላቸው።

ገንዘቡ በየዋርዱ የሚደለደልበት መንገድ ለብቻው ሊጤን ይገባል፤ አገልግሎቱ ፍትሐዊ ነው ወይስ አይደለም የሚለው ክርክር የሚነሣው ከዚህ ነውና። ገንዘቡ በተሰበሰበበት ዋርድ ይቅር ከተባለ፣ ክሬን የቆመበት ሰፈር ይጠግባል፣ አንድም አዲስ ሕንፃ የማይሠራበት የድሃ ሰፈር ደግሞ የጎረቤቱን አዲስ አግዳሚ ወንበር እያየ ይኖራል። ሁሉም በአንድ ቋት ገብቶ በችግር መጠን ይደልደል ከተባለ፣ አቧራውንና የከባድ መኪናውን ጫጫታ ለሦስት ዓመት የቻለው ሰፈር ምን አተረፍኩ ማለቱ አይቀርም፤ እውነትም አለው። እኔ ግማሹ በተሰበሰበበት እንዲቀር፣ ግማሹ በችግር መጠን እንዲሰጥ እደግፋለሁ። የማልቀበለው ግን መከፋፈያ ቀመሩ ለነዋሪው ሳይነገር በተመራጮች ድርድር ብቻ ሲወሰን ነው፤ በቦሮአችን ለሁለት ዓመት የሆነው ይህ ነበር። ቀመሩን ያገኘሁት በ2000 የወጣው የመረጃ ነፃነት ሕግ በሚፈቅደው መሠረት በጽሑፍ ጠይቄ ነው፤ መልሱ በሕጉ በተወሰነው 20 የሥራ ቀን ውስጥ መምጣቱን ለፍትሕ ስል እመሰክራለሁ።

በግልጽነት ረገድ የ2019ኙ የደንብ ማሻሻያ ሁለት ጥሩ ነገር ሠርቷል። አንደኛው፣ ከአምስት በላይ የአንቀጽ 106 ውሎች ለአንድ ፕሮጀክት በአንድነት እንዳይዋሉ የሚከለክለውን ደንብ ማንሣቱ ነው፤ ያ ክልከላ ትንንሽ ግንባታዎች ለትልቅ ትምህርት ቤት ማዋጣት እንዳይችሉ አድርጎ ምክር ቤቶችን በሒሳብ ጨዋታ ያስቸግር ነበር። ሁለተኛው፣ መዋጮ የሚቀበል ማንኛውም ምክር ቤት በየዓመቱ እስከ ዲሴምበር 31 የገባውን፣ የወጣውን፣ የተመደበውንና ያልተመደበውን የሚያሳይ መግለጫ እንዲያወጣ መገደዱ ነው፤ የመጀመሪያዎቹ መግለጫዎች በ2020 መጨረሻ ወጡ። የቦሮአችንን መግለጫዎች ሁሉ አንብቤአለሁ። ቁጥሮቹ የተሟሉ ናቸው፤ ነገር ግን ‹ተመድቧል› የሚለው ዓምድ ያሳስተኛል። አንድ ፕሮጀክት ለሦስት ተከታታይ ዓመት ‹ተመድቧል› ተብሎ ተጽፎ አንድ ድንጋይ ሳይነሣ ሊቀር ይችላል፤ መግለጫው ደግሞ በሕጉ ፊት ፍጹም ትክክል ነው።

የቤት ገንቢዎች ፌዴሬሽን በ2025 መጀመሪያ በእንግሊዝና በዌልስ ምክር ቤቶች እጅ ሳይወጣ የተቀመጠው መዋጮ ከ8 ቢሊዮን ፓውንድ እንደሚበልጥ ገልጾ ነበር። ቁጥሩን ያወጣው ከፋዮቹን የሚወክል ማኅበር መሆኑ መዘንጋት የለበትም፤ ተቀመጠ የተባለውም ሁሉ ሥራ ፈትቶ የተቀመጠ አይደለም፣ ከፊሉ ለተጀመረ ሥራ የተያዘ ነው። ሆኖም ከሳሹ የራሱ ጥቅም ስላለው ብቻ ክሱ ሐሰት አይሆንም። በሌላ በኩል አልሚዎቹ በአዋጭነት ጥናት ስም የሚያስቀንሱት መዋጮም መታየት አለበት። የመንግሥት መመሪያ ከሽያጩ ጠቅላላ ዋጋ ከ15 እስከ 20 በመቶ የሚሆነውን ለአልሚው ተገቢ ትርፍ አድርጎ ስለሚቀበል፣ ትርፉ ከዚያ ሊወርድ ነው የሚል ስሌት ሲቀርብ መጀመሪያ የሚቀነሰው የተመጣጣኝ ዋጋ ቤቶች ቁጥር ነው። የቤቶች ጉዳይ ሚኒስቴሩ ባስጠናው ጥናት በ2018/19 ስምምነት የተደረሰበት ጠቅላላ መዋጮ 7 ቢሊዮን ፓውንድ ገደማ ሲሆን፣ ከዚህ ውስጥ 4.7 ቢሊዮኑ የተመጣጣኝ ዋጋ ቤቶች ዋጋ ነበር፤ ስለዚህ ድርድሩ ሲላላ የሚጎዳው በመጀመሪያ ቤት ፈላጊው ነው፣ መናፈሻውና አዳራሹ ከዚያ በኋላ ይመጣሉ።

ሁለቱን ምንጮች በአብዛኛው በአንድ አስገዳጅ ክፍያ ይተካል የተባለ ሐሳብ በ2023 ሕግ ሆኖ ጸድቆ ነበር፤ በ2024 ሥልጣን የያዘው መንግሥት ግን ሥራ ላይ እንደማያውለው አስታወቀ። አላዘንኩም። የመሰብሰቢያውን መንገድ ሦስተኛ ጊዜ መቀየር፣ ለዋናው ሣጥን የመዋያ ቀን እስካልቆረጠ ድረስ የእኛን ዓይነት ጣሪያ አንድ ቀን አያፋጥንም።

ይህን አገልግሎት ለመጠቀም ለሚያስብ ማኅበር የምመክረው ከዓመታዊው መግለጫ እንዲጀምር ነው፤ በሰፈሩ የሚገኘውን፣ የመመለሻ ጊዜው የደረሰውን የአንቀጽ 106 ገንዘብ ፈልጎ ያግኝ፣ ምክር ቤቱም ገንዘቡን ላለመመለስ ሲል ይሰማዋል። ፕሮፎርማውን ቢያንስ ለአንድ ዓመት የሚጸና አድርጎ ያስጽፍ። ደረጃ ስጥ ብባል ለሰብሳቢው ክፍል አምስት ከአምስት፣ ለአንቀጽ 106 ውሎች ግልጽነት አራት፣ ለሠራተኛዋ አምስት፣ ለድልድሉ ሁለት እሰጣለሁ። የአዳራሹ ጣሪያ ባለፈው ኅዳር ተጠናቋል፣ ክረምቱንም ሳያፈስ አልፏል፤ ለመግቢያው መብራት ያስገባነው አዲስ ማመልከቻ ደግሞ ስድስተኛ ወሩን ይዟል፣ የሚታይበት ቀንም አልተነገረንም።